ጥልፋችሁን የትኛው ደብተር ይያዘው? በእጅ የሚሰሩ፣ ጨርቅ የለበሱ ደብተሮች ንጽጽር

ጥልፍ የሚወድ ሰው ቤት አንድ የሞላ መሳቢያ አይጠፋም። ያለቁ ስራዎች፣ የተጀመሩ ስራዎች፣ ለሙከራ የተጠለፉ ቁርጥራጮች ተጣጥፈው ተኝተውበታል። ሁሉንም በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል አይቻልም። ታጥፎ የከረመ ጥልፍ ደግሞ እጥፋቱ ላይ መስመር ያወጣል። ውሎ ሲያድር ጨርቁ በዚያው መስመር ይሳሳል። በእጅ የተሰራ፣ ጨርቅ የለበሰ ደብተር ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ስራው ተዘርግቶ ይቀመጣል። ብርሃንና አቧራ አያገኘውም። ማሳየት ሲፈልጉም ገጽ መግለጥ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ምርጫው ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሽፋኑ ጨርቅ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያው ደብተሬ ሰማያዊ ሊነን የለበሰ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ሲያዩት ዓይን የሚስብ ነበር። 12 ጥልፍ ከገባበት በኋላ ግን አልዘጋ አለ። በጀርባው በኩል ቀጭን፣ በአፉ በኩል የሦስት ጣት ክፍተት። በላዩ መጻሕፍት ጭኜ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው የአንዱ ገጽ ዶቃ በፊት ለፊቱ ባለው ሐር ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ ተቀርጿል። ያ ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ጥልፉን እለካለሁ። ቀጥሎ ገጾቹ በምን እንደሚያያዙ እወስናለሁ። ሽፋኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እዚህም በዚሁ መንገድ እንሂድ።

መጀመሪያ ቁልሉን ለኩ

ያሏችሁን ስራዎች ጠረጴዛ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩ። በየመካከሉ አንድ ወፍራም ወረቀት አስገቡ። ከላይ ካርቶን አስቀምጡና ሳትጫኑ ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። የደብተራችሁን ዓይነት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 20 ቅጠል ያለው ደብተር አስባችኋል እንበል። የአንዱ ቅጠል ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ጀርባው ላይ የሚሰበሰበው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በየቅጠሉ ላይ ከነገበሩ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥልፍ ስትጨምሩ ግን መሃሉ 46 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሽፋን ውስጥ አይስማሙም። ደብተሩ እንደ ማራገቢያ ይበረገዳል፣ ጀርባው ይወጠራል፣ ሲቆይ ስፌቱ ይላላል።

በስስ ጨርቅ ላይ የተሰራ ጠፍጣፋ የመስቀልኛ ስፌት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዶቃ ያለበት ወይም ከስር ተሞልቶ ጉብ ያለ ጥልፍ ግን በቀላሉ 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ይገባል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ደብተር ባትቀላቅሉ ደስ ይለኛል። ጠፍጣፋው ይጎዳል።

መጠኑንም አሁኑኑ እዩት። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነን ስራ ለደብተር ሲባል ማጠፍ አይገባም። እንዲህ ያለው በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ፣ ጥልፉ ወደ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ቢጠቀለል ይሻለዋል። ቱቦውን ቀድማችሁ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ አልብሱት። በደብተሩ ውስጥ ፎቶውን ታስገቡለታላችሁ።

ገጾቹን ምን ያያይዛቸው?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው። አራት መንገዶች አሉ።

ከሰንሰል ልጀምር። አንድ ረጅም ወረቀት ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ እንደ አኮርዲዮን የሚሰበሰብበት ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ጨርቅ የለበሰ ካርቶን ይለጠፋል። ጀርባ የሚባል ነገር የለውም። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ጀርባ ስለሌለው ውፍረቱ የሚጣላው አካል የለም፤ ጥልፉ በወፈረ መጠን ሰንሰሉም አብሮ ይወፍራል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስታቆሙት ሁሉም ስራ በአንዴ ይታያል። ለማሳያ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ጎኖቹ ክፍት ስለሆኑ አቧራ ይገባል። ከባድ ጥልፍ ከያዘ ደግሞ ሲቆም ይወላገዳል። እጥፋቶቹም በብዛት ከተከፈቱና ከተዘጉ ይበላሉ። ለአቧራው መላው ማኅደር መስራት ነው፤ ደብተሩ የሚገባበት፣ በአንድ ጎን ክፍት የሆነ ጨርቅ የለበሰ የካርቶን ቤት። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ 8 ገጽ ለመስራት 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ረጅም ወረቀት ካላገኛችሁ፣ ሁለት ወረቀት በ1.5 ሴንቲ ሜትር መደራረቢያ ቀጥሉ። ቅጥያውን ግን እጥፋቱ ላይ አድርጉት፤ ገጽ መሃል ከዋለ ከስር ጉብ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው የተሰፋ ጥራዝ ነው። ወረቀቶች ለሁለት ታጥፈው፣ ጀርባቸው በወስፌ ተበስቶ፣ በሰም የተቀባ ክር እርስ በርስ ይሰፋሉ። እንደ መጽሐፍ ያለ ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። በእጅ ሲይዙት ጠንካራ ነው። አንዴ በትክክል ከተሰራ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን የገጾቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። ዛሬ 10 ስራ ይዛችሁ ነገ 11ኛውን መጨመር አትችሉም።

የውፍረቱን ጣጣ የሚፈታለት ማካካሻ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጠል አጠገብ፣ በጀርባው በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወፍራም ወረቀት ቁራጭ አብሮ ይሰፋል። ቁራጮቹ ተደምረው የጥልፉን ያህል ከወፈሩ፣ ጀርባውና አፉ እኩል ይሆናሉ። ደብተሩ ገና ባዶ ሳለ በአፉ በኩል ቀጭን፣ በጀርባው በኩል ወፍራም ሆኖ ያስጠላል። አይክፋችሁ። ሲሞላ ይስተካከላል። እኔ በመጀመሪያው ደብተሬ የዘለልኩት ይህንን ነበር።

ስፌቱ ራሱ ሁለት መልክ አለው። ጀርባው ሳይሸፈን ክሩ እንደ ሰንሰለት የሚያያዝበት፣ የኮፕቲክ ስፌት የሚባለው፣ ገጹን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ያስተኛል። ጥልፍ ለማሳየት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጀርባው በጨርቅ የሚሸፈነው ደግሞ ከአቧራ ይጠብቃል፣ ግን መሃሉ ላይ ትንሽ ይነሳል። በተዘረጋ ገጽ ላይ ቢታይ የምትመርጡት ስራ ካለ የመጀመሪያውን ያዙ።

ሦስተኛው በቀለበት ወይም በብሎን የሚያያዝ ነው። ልብ በሉ፣ ብዙ ለሚጠልፍ ሰው ይህ ከሁሉም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ገጽ ትጨምራላችሁ፣ ታወጣላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን ትቀይራላችሁ። አንዱ ገጽ ቢበላሽ ደብተሩ በሙሉ አይበላሽም። ቀለበት ከመረጣችሁ ክብ ከሆነው ይልቅ በአንድ ጎኑ ቀጥ ያለውን ፈልጉ፤ ገጾቹ በቀጥታው ጎን ላይ ተስተካክለው ይተኛሉ፤ ክቡ ግን የታችኞቹን ያጎብጣቸዋል። ብሎን ያለው ውብ ነው፣ ብረቱም ብዙ አይታይም። ግን ከብሎኑ አጠገብ ያለው ጠርዝ ስለሚያዝ ገጹ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ መስመር ጫን አድርጉና እጠፉት። ገጹ ከዚያ መስመር ላይ ይገለጣል። በሁለቱም ዓይነት ቀዳዳው ቶሎ ስለሚቀደድ፣ ጠርዙን በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ማጠናከር ግዴታ ነው።

አራተኛው ካርቶንና ወረቀት ጨርሶ የሌለበት የጨርቅ ገጽ ነው። ገጹ ራሱ ድርብ ጨርቅ ነው፣ ጥልፉ በላዩ ላይ በመርፌ ይሰፋል። ሙጫ የለም፣ አሲድ የለም። ሲነካ ለስላሳ ነው። ለሙከራ ቁርጥራጮችና ለልጆች የመጀመሪያ ስራዎች በጣም ደስ ይላል። አይቆምም፣ ጥግ ጥጉም ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ለማሳያ አልመክረውም።

ጥልፉ ገጹ ላይ በምን ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ደብተር ሊታደስ ይችላል። ሙጫ የጠጣ ጥልፍ ግን አይመለስም።

ቀጥታ በሙጫ መለጠፍን ከምርጫችሁ አውጡት። ሙጫው በጨርቁ ቀዳዳ ገብቶ ይደርቃል፣ ጨርቁ ይደነድናል። ከዓመታት በኋላ ከፊቱ ላይ ጥላ ሆኖ የሚወጣ አለ። በሁለት ፊት የሚለጠፈው ፕላስተርም ያው ነው። ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል፤ ሲያረጅ ማጣበቂያው ይቀልጥና ወደ ክሩ ይሰርጋል፣ ቢጫ ይሆናል። ፕላስተሩ ተነቅሎም ቅሪቱ ይቀራል።

የሚያዋጣው መስፋት ነው። አሰራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከጥልፉ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቁረጡ። ጥልፉን መሃሉ ላይ አኑሩት። ድርና ማጉ ከታችኛው ጨርቅ ድርና ማግ ጋር ቀጥ ብሎ መግጠሙን እዩ፤ ከተንጋደደ ቆይቶ ይጨማደዳል። ከዚያ በአንድ ነጠላ ክር፣ ባዶው ጠርዝ ላይ፣ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ስፌት አድርጉ። ክሩን አትወጥሩት። መርፌው በጨርቁ ድርና ማግ መካከል እንጂ ክሩን ሰንጥቆ አይለፍ። አሁን ጥልፉ የራሱ ገበር አለው። ገጹን ደግሞ በወስፌ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ቀድማችሁ ብሱና ገበሩን ከገጹ ጋር ስፉት። ነገ ማውጣት ብትፈልጉ የምትቆርጡት ይህን የመጨረሻውን ስፌት ብቻ ነው። ጥልፉ ሳይነካ ይወጣል።

ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ መካከለኛ ስራ አንድ ሰዓት ገደማ አስቡ። እኔ ግን ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። ስራውን ከጠለፍኩት በኋላ እንደገና ቀረብ ብዬ የማየው ያኔ ነው።

መስፋት ለማትፈልጉት ወይም በየጊዜው እያወጣችሁ ለምታሳዩት፣ የጥግ ኪስ አለ። ልክ በድሮ የፎቶ አልበም እንደምናየው፣ አራት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪሶች ገጹ ላይ ይለጠፋሉ፣ የጥልፉ ጥጎች ይገቡበታል። ጥልፉ ግን ከቀጭን ካርቶን ጋር ተሰፍቶ መወጠር አለበት። ለብቻው ከሆነ መሃሉ ይረግባል።

ጉብ ላለ ወይም ዶቃ ላለው ስራ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ መስኮት። የጥልፉን ያህል የወፈረ ካርቶን ወስዳችሁ መሃሉን በስለት ታወጡታላችሁ፣ ጥልፉ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ደብተሩ ሲዘጋ ክብደቱን የሚሸከመው የካርቶኑ ጠርዝ ነው፤ ዶቃው ነጻ ይሆናል። ያኔ ይህንን ባውቅ ያ ሐር አይጎዳም ነበር። መስኮቱ ቦታ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሰንሰል ወይም ብሎን ያለው ይስማማዋል። በተሰፋ ጥራዝ ከሆነ ማካካሻውንም እንደዚያው አወፍሩ።

ገጹን በላስቲክ ኪስ መሸፈን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ፒቪሲ የሆነውን ተዉት። ፒቪሲ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል፣ ይጣበቃል፣ የጨርቁንም ቀለም ይነካል። በደህናውም ቢሆን አፉን አሽጋችሁ አትዝጉት። ጨርቅ ትንሽ አየር ይፈልጋል።

ወረቀቱና ካርቶኑ

ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ እንዴት ቢጫ እንደሚሆን አይታችኋል። ከእንጨት ቃጫ በርካሽ የሚሰራ ወረቀት ውስጡ አሲድ አለው። ያ አሲድ አጠገቡ ወዳለው ጨርቅ ያልፋል። ስለዚህ ጥልፉን የሚነካው ገጽ አሲድ የሌለው መሆን አለበት፤ ማለትም ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያው 7 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ቢሆን ጥልፍ ይሸከማል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። አንዳንድ አሲድ የሌላቸው ወረቀቶች ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርባቸዋል፤ ወደፊት የሚመጣውን አሲድ እንዲያመክን ነው። ይህ ለጥጥና ለሊነን ጥሩ ነው። ሐርና ሱፍ ግን ከእንስሳ የሚገኙ ስለሆኑ ያልተጨመረበት ወረቀት ይመረጥላቸዋል። የተቀላቀለ ስራ ካላችሁ ያልተጨመረበትን ያዙ፣ ለሁሉም ይሆናል።

ለሽፋኑ 2 ሚሊ ሜትር ግራጫ ካርቶን ይበቃል። ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ደብተር 3 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ግራጫው ካርቶን አሲድ ቢኖረውም ጥልፉን ስለማይነካ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከውስጥ በኩል በጥሩ ወረቀት ሸፍኑት። ሲቆረጥ የቃጫውን አቅጣጫ እዩ። ካርቶኑን በሁለቱም አቅጣጫ ለማጠፍ ሞክሩ፤ እሺ ብሎ የሚታጠፍበት መስመር የቃጫው መስመር ነው። ያ መስመር ከደብተሩ ጀርባ ጋር ጎን ለጎን መሄድ አለበት። ካልሄደ ሽፋኑ ሙጫ ሲነካው ይጣመማል።

የሽፋኑ ጨርቅ

አሁን ደስ የሚለው ክፍል ላይ ደርሰናል።

ለጀማሪ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ እመክራለሁ። ይታዘዛል፣ ጥግ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሙጫ በቶሎ አያሳልፍም። ሊነን መልኩ የበለጠ ይማርከኛል፤ ድርና ማጉ ግን ሰፋ ስለሚል ሙጫው በቀዳዳው አልፎ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ከፋይ ሲዳሰስ ያምራል፣ ነገር ግን ፀጉሩ በሙጫና በክብደት ይተኛል፤ የተኛው ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። ሐር የእጅ ላብ ይይዛል። የሚለጠጥ ጨርቅን በፍጹም አትንኩት። ጂንስ ለሽፋን ጠንካራ ነው፣ ጥጎቹ ግን ሲደራረቡ በጣም ይወፍራሉ።

ከጥቅጥቁ ጥጥ በስተቀር ሁሉንም ማለት ይቻላል የሚያስተካክል አንድ ስራ አለ። ጨርቁን ከጀርባው በስስ ወረቀት፣ ወይም በካውያ ሙቀት በሚጣበቅ ስስ ገበር ማልበስ ነው። ከዚያ በኋላ ሙጫው ወረቀቱን እንጂ ጨርቁን አያገኘውም። ጠርዙም አይተረተርም። ሊነን የምትወዱ ሁሉ ይህንን አትዝለሉ።

ማንኛውንም ጨርቅ ቀድማችሁ እጠቡት፣ በካውያ ተኩሱት። የፋብሪካ ስታርች ይለቃል፣ የሚሸበሽበውም ቀድሞ ይሸበሽባል። ቀለሙን ደግሞ ፈትኑ። ነጭ እርጥብ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙበት። ነጩ ከቀለመ፣ ያ ጨርቅ ከእርጥብ ሙጫ ጋር አይሄድም። በተለይ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ አትቸኩሉ።

ሽፋኑ ላይ ራሱ ጥልፍ ማድረግ የምትፈልጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሽፋኑ ጨርቅ ላይ ቀጥታ ጠልፎ ካርቶኑን ማልበስ ነው። ይህ ውብ ነው፣ ግን ደብተሩ በተነሳ ቁጥር እጅ ይነካዋል። የከፋው ደግሞ ሙጫው በመርፌው ቀዳዳ ይወጣል። ሌላው ከላይ ያልኩት መስኮት ነው። ሁለት 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይደራረባል፣ የላይኛው መስኮት ይወጣለታል፣ ጥልፉ በጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከጠረጴዛ ጋር አይፋተግም። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሙጫው

ቪናቪል የሚባለው ነጭ ሙጫ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ነጭነቱ ይጠፋል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ለሽፋን የሚያስፈልገን ይህ ነው። አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም፣ ጨርቁ ላይ ከተንጠባጠበም ምልክቱ ይቀራል። የዱቄት ሙጫ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ የተንጋደደውን ጨርቅ አንስቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። በውሃ ስለሚለቅ ወደፊት ለማደስም ይመቻል። ግን ብዙ እርጥበት ስላለው ካርቶኑን ያጣምማል፤ እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ሻጋታና ነፍሳት ይወዱታል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀምም ይቻላል፤ የቪናቪሉን ጥንካሬ ይዞ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

«ግሉ ገን» በሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቀልጠውን ሙጫ አልመክርም። ጨርቁ ስር እንደ ጠጠር ጉብ ጉብ ይላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙጫውን ካርቶኑ ላይ እንጂ ጨርቁ ላይ አትቀቡ። በስሱ ይሁን። ጨርቁ በየጎኑ ከካርቶኑ 2 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ጥጉን ስትቆርጡ ከካርቶኑ ጫፍ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ጫፉ ድረስ ከቆረጣችሁ ካርቶኑ ብቅ ይላል። ጨርቁ ሲደርቅ ካርቶኑን ወደ ውጭ ይስበዋል። የውስጡ ወረቀት ሲለጠፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የተጣመመ ሽፋን አይታችሁ አትደንግጡ፣ የውስጡን ለጥፋችሁ በክብደት ስር 24 ሰዓት አቆዩት።

የጀርባውን ካርቶን ስፋት የምትቆርጡት ጥልፎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ነው። የሞላውን ደብተር በእጅ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉና ለኩ፣ ያ ቁጥር የጀርባችሁ ስፋት ነው። በሽፋኑና በጀርባው መካከል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ያ መታጠፊያው ነው።

መዝጊያውን ብዙ አታስቡበት። ሪባን ለተለያየ ውፍረት ስለሚሆን ከሁሉም ይሻላል። የሚለጠጥ ላስቲክ ሲያረጅ ይረግባል። ማግኔት ደስ ይላል፣ ግን ደብተሩ ሲወፍር አይገጥምም።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ስራዎቻችሁ ጥቂትና ያለቁ ከሆኑ፣ ማሳየትም የምትወዱ ከሆነ፣ ሰንሰል ከማኅደር ጋር ስሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሩም ከሆነ ከሰንሰል ጀምሩ፤ ስህተቱ ይታረማል። በየወሩ አዲስ ነገር የምትጠልፉ፣ ናሙና የምታጠራቅሙ ከሆነ ብሎን ያለው ነው የእናንተ። የተሰፋው ጥራዝ ቁጥሩ ለታወቀ ስብስብ ነው፤ ለምሳሌ የእናት ወይም የአያት ስራዎችን ለልጅ ለማስተላለፍ። ለእንዲህ ያለው አንድ ወር ቢወስድም አይቆጨኝም።

ዶቃ ያለውን ደብተር አጋድማችሁ አስቀምጡ እንጂ አታቁሙት፤ በላዩም ሌላ አትጫኑ። ሱፍ ያለበት ስራ ከሆነ ብል እንዳይገባ በየጥቂት ወሩ ገልጣችሁ እዩ። የተጠራጠራችሁትን የሱፍ ስራ ገና ደብተር ውስጥ ሳይገባ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ደግሞ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ላስቲኩን አትክፈቱ፣ አለበለዚያ ጤዛው ጥልፉ ላይ ያርፋል።

ከእያንዳንዱ ጥልፍ ጀርባ ባለው ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ቀለም ይፈሳል፣ እርሳስ አይፈስም። ማን ጠለፈው፣ መቼ፣ በምን ክር፣ የክሩ ቁጥር ስንት ነው። ከተረፈው ክር አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ፣ በትንሽ የወረቀት ኪስ አድርጋችሁ እዚያው አኑሩት። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ስፌት ቢለቅ፣ የሚጠግነው ሰው ያንኑ ክር ያገኘዋል።